የስክሪኑን ማዶም አሳዩን፦ ለፊልምና ለድራማ ጸሐፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለፊልምና ለተከታታይ ድራማ ጸሐፊዎች፣ ለዳይሬክተሮችና ለፕሮዲውሰሮች
በያላችሁበት

ጤና ይስጥልኝ።

ሥራችሁን የምወድ ሰው ነኝ። ማታ ማታ ከቤተሰቤ ጋር ተቀምጬ የምታሳዩንን ሳይ አብሬ እስቃለሁ፣ አብሬ አለቅሳለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም የእናንተ ሥራ ሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ስለማውቅ ነው። በቤታችን አይቼዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ይንተባተባል። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ስሙን ሲጠየቅ የመጀመሪያው ፊደል ጉሮሮው ላይ ይያዝበታል። ሰው ሊያግዘው ብሎ ቃሉን ከአፉ ሲነጥቀው ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። ስለዚህ ብዙ አያወራም። ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ነው። ይጽፋል፣ ይከራከራል፣ ያስቃል፣ የቸገረውን ያግዛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሱ በሚሠራበት ድርጅት የአንድ ኃላፊ የኢሜይል ፓስወርድ ተሰረቀ። ማንም ምንም ሳያጣራ የሁሉም ዓይን ወንድሜ ላይ አረፈ። የእሱ ሥራ ሒሳብ መመዝገብ ነው። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ጎኑ ከተቀመጡት ሰዎች የተለየ አልነበረም። ግን ዝምተኛ ነው። በእረፍት ሰዓት ብቻውን ስክሪን ላይ ያፈጣል። ኮፍያ ያለው ሹራብ ይለብሳል። ከዚያ በፊትም «ሃከሩ»፣ የሰው ኮምፒውተር ሰብሮ ገቢው፣ ይሉት ነበር፤ እየሳቁ። በዚያ ሰሞን ግን የሚስቅ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሩን ወስደው መረመሩበት።

በመጨረሻ የተገኘው ነገር ቀላል ነው። ኃላፊው ራሱ ከባንክ የመጣ የመሰለውን መልእክት ከፍቶ፣ ፓስወርዱን በገዛ እጁ ሞልቶ ልኮታል። ወንድሜን ይቅርታ የጠየቀው የለም። ቅጽል ስሙም አልተነሣለትም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ አንድ ጥያቄ ነው። እነዚያ ሰዎች ያንን ምስል ከየት አመጡት? አንዳቸውም ሃከር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ያዩት እናንተ ጋር ነው።

ትዕይንቱን እናንተም እኔም በቃላችን እናውቀዋለን። ክፍሉ ጨለማ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ጣሳ ተከምሯል። ፊቱ ላይ ሰማያዊ ብርሃን የሚያርፍበት አንድ ወጣት ወንድ ቁጭ ብሏል። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳሉ። አረንጓዴ ፊደል ስክሪኑ ላይ ይንዠቀዠቃል። ከአሥር ሴኮንድ በኋላ «ገባሁ!» ይላል። እናቱ ከላይ ትጠራዋለች፤ አይመልስም።

ይህ አንዱ ነው። ሌሎቹንም አውቃቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አልፎት ከእናቱ ምድር ቤት የማይወጣው፣ ሰውነቱን የማይታጠበው የጌም ሱሰኛ አለ። መስታወትና ስልክ ብቻ የምታውቀው፣ የላይክ ቁጥር ሲቀንስ የምታለቅሰው ልጅ አለች። ስልክ ገልብጠው የሚይዙት አያት አሉ። ስሙን ደብቆ ሲሳደብ የሚያድር ብስጩ ሰው አለ። የራት ገበታ ላይ አንገቱን የደፋ፣ ዓይኑን የማያነሣ ልጅ አለ። የኢንተርኔት ተጠቃሚ ሲባል ከእነዚህ ከአምስት ስድስቱ አንዱን ታወጣላችሁ።

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሰው 5.5 ቢሊዮን ደርሷል። (እዚህ ደብዳቤ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከመቶ የዓለም ሰው 68ቱ ማለት ነው። በ2005 አንድ ቢሊዮን ገደማ ነበር። እንግዲህ ኢንተርኔት ተጠቃሚ ማለት ዛሬ «ሰው» ማለት ሊሆን ምንም አልቀረው። አዋላጇ ናት፣ ገበሬው ነው፣ ቄሱና ሼኩ ናቸው፣ እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። ስክሪፕታችሁን የምትላላኩት በምን ሆነና?

ነገሩ ድሮ እንዴት እንደ ጀመረ ይገባኛል። ኢንተርኔት ለብዙ ሰው እንግዳ በነበረበት ጊዜ ተጠቃሚውም እንግዳ ፍጡር መስሎ ቢታይ አይፈረድም። በ1993 ዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ የወጣችውን የፒተር ስታይነርን ካርቱን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሁለት ውሾች ኮምፒውተር ፊት ሆነው ያወራሉ። አንደኛው ለጓደኛው፣ ኢንተርኔት ውስጥ ውሻ መሆንህን የሚያውቅብህ የለም ይለዋል። ከዚያ ወዲህ ካርቱኗ ስለ ማታለል የተሳለች ያህል ስትጠቀስ ኖራለች። ስሙን የደበቀ ሁሉ ክፉ ነገር ደብቋል፤ ብዙ ሰው የወሰደው ትርጉም ይህ ነው።

ወንድሜ ግን ካርቱኗን ሲያያት እንደዚያ አላነበባትም። «ተብታባ መሆኔን ማንም ሳያውቅ መጀመሪያ ሐሳቤን ይሰሙኛል ማለት ነው» አለኝ። አንድ ሥዕል ነው። እናንተ ውሸት ያያችሁበት ቦታ እሱ ነፃነት አየ።

ደግሞ ምስል ምስል ሆኖ አይቀርም። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ብታውቁት ይሻላል። በ1983 «ዎርጌምስ» የሚባል ፊልም ወጣ። አንድ ጎረምሳ ከመኝታ ቤቱ ሆኖ የአሜሪካን ጦር ኮምፒውተር ውስጥ ይገባና ዓለምን ለኑክሌር ጦርነት ጫፍ ያደርሳታል። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ፊልሙን በወጣበት ሰሞን አዩት። በቀናት ውስጥ የጦር ኃይሎቹን ኤታማዦር ሹም ጀኔራል ጆን ቬሲን፣ እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ሊሆን ይችላል ወይ ብለው ጠየቋቸው። ጀኔራሉ አጣርተው ሲመለሱ ችግሩ ከሚያስቡት የባሰ ነው አሏቸው። በ1984 ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት ፕሬዚዳንታዊ መመሪያ ተፈረመ። የምክር ቤት አባላት ስለ ጉዳዩ ሲመክሩ ከፊልሙ ላይ የተቆረጠ ክፍል ቀርቦ ታይቷል። በ1986 ደግሞ የአሜሪካ የኮምፒውተር ማጭበርበር ሕግ ወጣ።

ፊልሙ አንድ ጥሩ ነገር ሠርቷል፤ የተኙትን ቀስቅሷል። ያንን አልክድም። ግን ከዚያ ጋር አንድ ሌላ ነገርም አብሮ ገባ። አደጋው መልክ ተሰጠው። መልኩም መኝታ ቤት ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ሆነ። ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ዶናልድ ትራምፕ በምርጫ ክርክር መድረክ ላይ ቆመው በዴሞክራቲክ ፓርቲ ላይ የኮምፒውተር ጥቃት ያደረሰው አልጋው ላይ የተቀመጠ፣ 400 ፓውንድ የሚመዝን ሰውም ሊሆን ይችላል አሉ። ከ180 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። አዳራሹ ማን ማለታቸው እንደ ሆነ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ሁሉም ሰው ያንን ሰውዬ ያውቀዋል። በአካል ግን አግኝቶት የሚያውቅ የለም።

ለምን እንዲህ እንደምትጽፉ ሳስብ በክፋት ነው ብዬ አላምንም። ሙያው የራሱ ችግር አለው። ካሜራ የሚወደው እንቅስቃሴ ነው። ሰው ሲሮጥ፣ ሲጣላ፣ ሲሳሳም፣ በር በርግዶ ሲወጣ ይታያል። ሰው ሲያነብና ሲጽፍ ግን ምን ይታያል? ጀርባ ይታያል። ዝም ያለ ፊት ይታያል። የሚጽፈው ሰው ውስጡ እየነደደ፣ ወይም በደስታ እየፈነዳ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራው ግን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሥጋ ብቻ ነው የሚያገኘው። ባዶነቱን ለመሙላት መብራቱን ታጠፋላችሁ፣ ኮፍያውን ታለብሱታላችሁ፣ አረንጓዴውን ፊደል ታዘንባላችሁ። ተመልካቹም፣ ይህ ሰው ብቻውን ነው ብሎ ይደመድማል። ምክንያቱም ብቻውን ነው የሚታየው።

ለእናንተ ያለኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። የሰውየውን ጀርባ ብቻ ነው የምታሳዩን። የስክሪኑን ማዶ አታሳዩንም። ማዶ ደግሞ ሰው አለ።

ስለ ማትስ ስቴን ሰምታችሁ ይሆናል። ኖርዌያዊ ነው። ዱሼን በሚባል ጡንቻን እየበላ በሚሄድ ሕመም ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያደገ ልጅ ነው። ትልቅ ሲሆን ቀኑን በአብዛኛው የሚያሳልፈው «ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት» የሚባል ጌም ላይ ነበር። በ2014፣ በ25 ዓመቱ፣ ሞተ። ወላጆቹ የሚወዱትና ሌት ተቀን የተንከባከቡት ልጅ ነው። ግን ከሐዘናቸው በላይ የከበዳቸው ሌላ ሐዘን ነበር። ልጃችን ጓደኛ ሳያገኝ፣ ሰው ሳይወድ፣ ለማንም ሳይጠቅም አለፈ ብለው አሰቡ። ያዩት የነበረው ጀርባውን ነው።

አባቱ ማትስ ይጽፍበት በነበረው ገጽ ላይ ሞቱን አሳወቁ። ከዚያ የኢሜይል መልእክት መምጣት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ። ከተለያየ አገር። የማያውቋቸው ሰዎች ስለ ልጃቸው ይጽፉላቸዋል። ጌሙ ውስጥ ኢቤሊን የሚባል ስም ነበረው። አንዲት በሌላ አገር የምትኖር ወጣት ወላጆቿ ኮምፒውተሯን ሲወስዱባት፣ ማትስ ለወላጆቿ ደብዳቤ ጽፎ እንደ ነበር ተናገረች። አንዲት እናት ደግሞ ኦቲዝም ያለበት ልጇ ጋር መቀራረብ አቅቷት ሳለ፣ በጌሙ በኩል እንድትቀርበው የመከራት እሱ መሆኑን ጻፈች። ጌሙን አብረውት ከተጫወቱት ጥቂቶቹ ለቀብሩ ከየአገራቸው መጡ። ሕይወቱን የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም በ2024 ሲወጣ ብዙ ሰው አለቀሰ።

እኔም አልቅሻለሁ። ያለቀስኩት ግን ለማትስ ብቻ አልነበረም። ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እያለ አንድ ሐሙስ ማታ በሩን ከፍቼ «ከዚህ ጉድጓድ ውጣ፣ ሂድና ሰው ፈልግ» ብዬዋለሁ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ነበር። ቀስ ብሎ አወለቀና ምንም ሳይመልስልኝ አየኝ። ከዓመታት በኋላ ነው የነገረኝ። በዚያች ሰዓት እንደ እሱ የሚንተባተቡ ዘጠኝ ሰዎች በድምፅ እየተነጋገሩ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ይገናኛሉ። ደንባቸው አንድ ነው፤ ማንም የማንንም ቃል አይጨርስም። ሰው ተይዞ ሲቀር፣ አንድ ደቂቃም ይፍጅ ሁለት፣ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ወንድሜ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያፍር የተናገረው እዚያ ነው። እኔ በሩን በርግጄ ሰው ፈልግ ያልኩት ልጅ ከሰው መሀል ነበር።

እኔስ «ጉድጓድ» የሚለውን ቃል ከየት አመጣሁት? ከወንድሜ ክፍል አይደለም። የእሱ ክፍል ንጹሕ ነው። መስኮቱም ክፍት ነው።

ስለ ብቸኝነት የተጠና ነገር እንደሌለ አድርጌ መናገር አልፈልግም። በ1998 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ክራውትና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። 73 ቤተሰቦችን፣ 169 ሰዎችን፣ ኢንተርኔት ከገባላቸው ጀምሮ ተከታትለዋል። ብዙ የተጠቀሙት በጥቂቱም ቢሆን ብቸኝነትና ድብርት ጨምሮባቸዋል የሚል ውጤት ነበር። ዓለም ሁሉ ተቀባበለው። ዜናውም፣ ቀልዱም፣ ፊልሙም። ያው ቡድን ግን መከታተሉን ቀጠለ። በ2002 ባወጡት ጥናት ያ ጉዳት በጊዜ ሂደት በአብዛኛው እንደ ጠፋ ጻፉ። በሁለተኛው ጥናት ውስጥ የተሻለ ያተረፉት አስቀድሞም ሰው በዙሪያቸው ያላቸውና ተግባቢ የሆኑት ነበሩ። ኢንተርኔት እንደ ተጠቃሚው ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ጥናት የመጀመሪያውን ያህል አልተወራለትም። ለድራማ አይመችም፣ ይገባኛል።

«የኢንተርኔት ሱስ» የሚለው አጠራር አጀማመርም ይገርማል። በ1995 ኢቫን ጎልድበርግ የሚባሉ የኒው ዮርክ የሥነ አእምሮ ሐኪም እንዲህ ያለ በሽታ መዝግበው ምልክቶቹን ዘረዘሩ። ለቀልድ ነበር። ሁሉን ነገር በሽታ የማለትን ልማድ ለመተቸት ነው የጻፉት። ሰዎች ግን የምር ወሰዱትና እርዱን ብለው መጡ። በእርግጥ እውነተኛ ችግር ያለበት ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ችግርን በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ነገር ግን መስፈርቱ ጥብቅ ነው። ሰውየው ጌሙን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም ባብዛኛው 12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ድርጅቱ ራሱ ይህ የሚይዘው ከተጫዋቾች ጥቂቱን ብቻ መሆኑን ይናገራል። ስለ እነዚያ ጥቂቶች ጻፉ። በደንብ ጻፉ፤ ያስፈልጋል። የሌላው ሁሉ መልክ ግን አታድርጓቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ክፉዎቹ ልምጣ። ምክንያቱም እዚህ ላይ የተሳሳተ ምስል ከማስቀየም አልፎ ይጎዳል።

ኢንተርኔት ላይ የሚሳደበውን ሰው ሁልጊዜ የምታሳዩን የተለየ ዓይነት ፍጥረት አድርጋችሁ ነው። የተገለለ፣ የተናቀ፣ ቂም ያረገዘ። የስታንፎርድና የኮርኔል ተመራማሪዎች በ2017 አንድ ሙከራ አሳተሙ። 667 ሰዎችን ወሰዱ። ግማሾቹን በቀላል ፈተና ደስ አሰኟቸው፣ ግማሾቹን በከባድ ፈተና አበሳጯቸው። ቀጥሎ አንድ ጽሑፍ አንብበው አስተያየት እንዲሰጡ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ ከላይ የተጻፉት አስተያየቶች ጨዋ ነበሩ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ስድብ ያለባቸው። ስሜታቸው ጥሩ ሆኖ ጨዋ ነገር ካዩት መሀል 35 በመቶ ያህሉ ክፉ ነገር ጻፉ። ተበሳጭተው ስድብ ካዩት መሀል ግን 68 በመቶው። ተራ ሰዎች ናቸው። ጠዋት የከፋው፣ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ሲሳደብ ያየ ማንኛውም ሰው።

ይህ ስንት ታሪክ እንደሚወጣው አስቡት። ተወዳጅ መምህርት ናት። ቀኑ ጠሞባታል። ማታ ስልኳን ከፍታ ለማታውቃት ሴት ጨካኝ ነገር ትጽፍላታለች። ከዚያ ትተኛለች። ያቺ ሴት ግን አትተኛም። እኔ እንዲህ ያለውን ፊልም ብታሳዩኝ ራሴን አይበታለሁ። ምድር ቤት ያለውን ሰውዬ ስታሳዩኝ ግን እኔ እንደዚያ አይደለሁም ብዬ ተረጋግቼ እነሣለሁ።

አጭበርባሪውም እንደዚያው ነው። ኮፍያ አድርጎ የሚስቅ ብልጣብልጥ አድርጋችሁ ታመጡታላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በማይናማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ ደግሞ ወደ 100,000 ሰዎች በኢንተርኔት እንዲያጭበረብሩ እየተገደዱ ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። ብዙዎቹ ጥሩ ሥራ አለ ተብለው የሄዱ ናቸው። ፓስፖርታቸውን ተቀምተዋል። እምቢ ሲሉ ይደበደባሉ። የፍቅር መልእክት የሚጽፍልን ሰው ራሱ ታግቶ ሊሆን ይችላል። ከስክሪኑ በዚህ በኩል የተታለለ አለ፣ በዚያም በኩል የተታለለ አለ። እንዲህ ያለ ታሪክ እያለ ያንን ብልጣብልጥ ደጋግማችሁ ስታመጡት ያሳዝነኛል። ያ ፓስወርዱ የተሰረቀበት ኃላፊ ሃከር ማለት ባለኮፍያው ልጅ ነው ብሎ ባያምን ኖሮ፣ ያንን ከባንክ የመጣ የመሰለ መልእክት በጥርጣሬ ሊያየው ይችል ነበር። ወንበዴ መልኩ ይታወቃል ብሎ የሚያምን ሰው ደጁ የመጣውን አያውቀውም።

«ሃከር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የሞዴል ባቡር ክበብ የነበሩ ተማሪዎች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብልህ የሆነ የአሠራር ዘዴን «ሃክ» ይሉት ነበር። ሠርቶ የማይጠግብ፣ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ማለት ነበር። ቃሉን ወደ ቦታው እንድትመልሱት አልጠይቅም፤ ጊዜው አልፏል። ግን አንድ ገጸ ባሕርይ እንኳ በዚያ በመጀመሪያው ትርጉም ብታሳዩን።

ስለ ሴቶቹ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እናንተ ጋር ሴት ልጅ ኢንተርኔት ላይ ወይ ፎቶዋን ትለጥፋለች ወይ ትጠቃለች። ኤሊዛቤት ፋይንለር የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1989 የኢንተርኔት እናት የሆነውን የአርፓኔትን የመረጃ ማዕከል መርተዋል። ዛሬ በየአድራሻው መጨረሻ የምንጽፈውን «ዶት ኮም» እና «ዶት ኢዲዩ» ያወጣው ሥርዓት ከእሳቸው ቡድን እጅ ያለበት ነው። ራዲያ ፐርልማን በ1985 የፈለሰፉት ዘዴ ደግሞ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙ መረቦች መልእክትን እያዞሩ በራሳቸው እንዳይታነቁ ያደረገ ነው። የዘመናችን መረብ በዚያ ላይ ቆሟል። እነዚህ ሴቶች ፊልም ውስጥ ቢገቡ የሚያስኬድ ታሪክ የላቸውም የሚለኝ ካለ አላምነውም። ጌም የሚጫወተውም ወንድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከተጫዋቾቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሴቶች መሆናቸውን የጌም ኩባንያዎቹ ማኅበር ይናገራል።

አያቶቹንም ተዉልን። ሰው ስላረጀ ብቻ አይጃጃልም። የልጅ ልጁን ፊት ለማየት ሲል ያልለመደውን ነገር የተማረ ሽማግሌ፣ ስንት ጊዜ ተሳስቶ ስንት ጊዜ እንደገና እንደ ሞከረ ብታዩ የሚያስቀው ነገር አይታያችሁም። ወጣቱም ቢሆን ስክሪን ይዞ አልተወለደም። ፓስወርዱን የሚረሳ፣ በማጭበርበሪያ የሚወድቅ ወጣት ሞልቷል።

አንድ ነገር እንዳይምታታብኝ። ኢንተርኔትን አሞግሱልኝ፣ ተጠቃሚውን ቅዱስ አድርጉልኝ እያልኩ አይደለም። ጨለማውን አትንኩ አላልኩም። ጨለማው አለ፤ ልጆች የሚጎዱበት፣ ሰው በስድብ ብዛት ከሰው የሚርቅበት፣ ጥላቻ የሚራባበት። የምለምናችሁ ሰው እንድታስገቡበት ነው። ፊት ያለው፣ ምክንያት ያለው፣ ከወዲያ በኩልም የሚመልስለት ያለው ሰው።

በሙያችሁ መግባቴ ካልሆነብኝ አንድ ሐሳብ ልስጥ። የሚቀጥለው ስክሪፕት ላይ «ጨለማ ክፍል፣ የኮምፒውተር ብርሃን» ብላችሁ ስትጽፉ ቆም በሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ሰው አሁን ከማን ጋር ነው? መልሱን ካወቃችሁ ትዕይንቱን ሁለት ቦታ ቅረጹት። እዚህ አንዱ ይጽፋል። እዚያ፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ መብራት ሥር፣ አንዲት ሴት ታነባለች። ስታነብ ፊቷ ምን እንደሚሆን አሳዩን። ካሜራችሁ የተቸገረበት እንቅስቃሴ ያለው እዚያ ፊት ላይ ነው። መልሱን ካላወቃችሁ ግን ገጸ ባሕርዩን ገና አላወቃችሁትም ማለት ነው።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለወንድሜ አስነበብኩት። ስለ እሱ የጻፍኩትን ፈቅዷል፤ ስሙን ግን አታንሺ አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበና አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለ። የሐሙሱ ስብሰባ እስከ ዛሬ አለ። አሁን ዘጠኝ ሳይሆኑ አርባ ያህል ናቸው። ለሌሎቹ ነግሯቸዋል፤ ተስማምተዋል። ከእናንተ መሀል የሚንተባተብ ሰው፣ ወይም ብቻውን ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ በታሪኩ ውስጥ ሊያስገባ የሚፈልግ ጸሐፊ ካለ አንድ ሐሙስ ገብቶ ይስማ ብለዋል። መቅረጽ አይቻልም። የማንንም ቃል መጨረስም አይቻልም። ለመስማት ግን ቦታ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሩን ሳታንኳኳ የከፈተችው እህት